ካሩዥ ውስጥ የተቀበርኩበት ቅዳሜ

ስም አልጠራም። ስም ከተጠራ ወሬው ከሰዎቹ ቀድሞ ይሄዳል። አንባቢ ግን ማን ማን እንደሆነ እንዲያውቅ ሰዎቹን አንድ በአንድ አቀርባለሁ።

አንደኛው እኔ ነኝ። ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ሽሊረን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ጀርመንኛውንም እንግሊዝኛውንም ሰዎች ባቡር ላይ ጥለውት በሚወርዱት ጋዜጣና በስልኬ ራሴን አስተማርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ እሑድ እሑድ ምስክርነት የሚሰጡ ሰዎችን ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነው። ሲያልፍ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳለሁ። ጌታ ያደረገለትን በሦስት ደቂቃ መናገር ያቃተው ሰው የሚያወራው ስለ ጌታ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው።

ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ትሠራለች። ከእኔ አብልጣ ትጸልያለች፣ ከእኔ አሳንሳ ትናገራለች።

ሦስተኛዋ ልጃችን ናት። ዙሪክ ተወልዳ አሁን ጄኔቫ ትማራለች፤ ጄኔቫ ጥግ፣ ካሩዥ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። አራተኛዋ እንግሊዛዊት ናት፤ ብቻዋን መድረክ ላይ ቆማ ሰው የምታስቅ፣ በቴሌቪዥን ድራማም የምትሠራ። አምስተኛዋ የእንግሊዛዊቷ እናት ናቸው። እሳቸውን በቦታቸው አመጣቸዋለሁ።

ነገሩን የጠረጠርኩት ልጄ ቁጣዬን መውደድ ስትጀምር ነው። ድሮ ስቆጣት ክፍሏ ገብታ በሩን ትዘጋብኝ ነበር። ባለፈው ገና ሰሞን ስትመጣ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኛ ሕንፃ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን የጋራ ነው። በሩ ላይ ዋሽፕላን የሚሉት የተራ ሠሌዳ ተለጥፏል፤ የእኛ ቀን ሐሙስ ነው። ልጄ በሌላ ሰው ቀን ጂንስዋን ልታጥብ ወረደች። ተቆጣሁ።

«የሰው ተራ የሰው ነው! እዚህ አገር ባንክ ዘርፎ ያመለጠ ይኖር ይሆናል፤ የማጠቢያ ተራ ዘርፎ ያመለጠ ግን የለም!»

«አባዬ፣ እስቲ ድገመው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን። ልክ እንዳልከው።»

ደገምኩት። ደግሜ ስናገረው ቁጣው አልቆብኝ ነበር። እሷ ግን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ ስትለው አየኋት። ልጅ የአባቷን ምክር የምትሸመድድ ከሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። በሃያ ዓመት ሰምታኝ የማታውቅ ልጅ በአንድ ቀን ሰሚ ስትሆን አንድ የምትፈልገው ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ መምጣት ቀረች። «ስታዥ አለብኝ» ትላለች፤ የሥራ ልምምድ ማለቷ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት ቅዳሜ ማታ ተለማማጅ እንደሚቀበል ስጠይቃት ስልኩ ይቆረጣል። ዋሻ ውስጥ ገባሁ ትላለች። በጄኔቫና በካሩዥ መካከል በሚሄደው ትራም መንገድ ዋሻ የለም።

እውነቱን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ አንድ ሐሙስ፣ እዚያው ማጠቢያ ክፍል፣ አንሶላ ስናጥፍ።

«ልጅህ ስታዥ ላይ አይደለችም።»

«ታዲያ የት ናት?»

«ከአንዲት እንግሊዛዊት ጋር ናት። ማሳቅ እየተማረች ነው።»

«ማሳቅ ይማሩታል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሴትዮዋ ሐምሌና ነሐሴ አገሯ ከከተማ ከተማ ስትዞር ከሷ ቀድማ የምትናገር ሰው ትፈልጋለች አለችኝ። የፊታችን ቅዳሜ ሰው ፊት ትፈትናታለች። ካለፈች ይዛት ትሄዳለች።»

«አንቺ ፈቀድሽላት?»

«መቼ ፈቃድ ጠየቀችኝ! ጸልዪልኝ ነው ያለችኝ።» አንሶላውን ወደ ራሷ ወጠረችው። «ቀጥ አድርገህ ያዘው።»

በዚያን ቀን ወሰንኩ። ቅዳሜ ሄጄ ሴትዮዋን አያታለሁ፤ ሰው ካልሆነች ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።

ሳልዘጋጅ ግን አልሄድም። ወደ ሥራ ስሄድና ስመለስ ባቡር ላይ የሴትዮዋን ቪዲዮ ተመለከትኩ። ቋንቋ ስማር እንዳደረግሁት፣ ያልገባኝን እያቆምኩ እየመለስኩ ነው ያየሁት። ወጣት ሳለች ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር። ማታ ማታ መጠጥ ቤቶች ፎቅ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ለሚጠጡ ሰዎች ስትናገር ኖረች። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ድራማ ውስጥ ክፉ ጎረቤት ሆና ታወቀች፤ ያኔ ሰዎች መንገድ ላይ ይሰድቧት ነበር አለች፣ እየሳቀች። ቀጥሎ ልጇ የሞተባትን እናት ሆና ሠራች፤ ያኔ ደግሞ መንገድ ላይ እያቀፉ አለቀሱላት። ባሏ ጄኔቫ ሥራ ሲያገኝ ተከትላው መጣች፤ ካሩዥ ካለ ካፌ ሥር በእንግሊዝኛ የሚሳቅበት ምሽት ከፈተች።

ታታሪ ናት፤ ያን አልክድም። ግን የልጇን ሞት ስትሠራ የሚወርደው እንባ እውነተኛ እንባ ነበር። ሰው በትእዛዝ ማልቀስ ከቻለ፣ እውነተኛውን ለቅሶ በምን ልንለየው ነው? ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ብቻ አንድ ቦታ ላይ አዘንኩላት። ስለ እናቷ ቀብር ስትናገር ነው። አስከሬን የያዘው መኪና መንገድ ስቶ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገባ፤ ለመውጣት ሳንቲም አጡ፤ ቀባሪው ሁሉ ኪሱን ሲበረብር እናቷ ቀብሯ ላይ አረፈደች። ሰዉ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። እናቷን አፈር አልብሳ እንጀራዋን ለማግኘት በየመድረኩ የምትደግመው ሴት ምስኪን ናት አልኩ። በእኛ ወግ ሐዘንተኛን ሳያጽናኑ መውቀስ ነውር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አጽናናታለሁ፣ ከዚያ እወቅሳታለሁ ብዬ ጥቁር ሙሉ ልብሴን ለበስኩና ባቡር ተሳፈርኩ።

ካፌው ትራሙ ከሚቆምበት አጠገብ ነበር። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደው ደረጃ ላይ አንዲት አሮጊት የሱፍ ቆብ አድርገው ትኬት ይቆርጣሉ፤ የገባውን ሰው እጅ ላይ ማኅተም ይመታሉ። እንግሊዛዊቷን ፈልጌ ነው አልኳቸው። ተጠርታ መጣች፤ ከቪዲዮው ይልቅ አጭር ናት፣ የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋለች። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አጎነበስኩና ባቡር ላይ ያጠናሁትን ተናገርኩ።

«እናትዎን በማጣትዎ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነፍሳቸውን ይማር።»

አሮጊቷ ማኅተሙን አስቀመጡ።

«የትኛዋን እናቷን?» አሉኝ። «እኔ የማውቀው እኔን ብቻ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ የሞቱት እናት እኚሁ አሮጊት ናቸው።

«እናቴ፣ ይቅርታ…» አለች እንግሊዛዊቷ።

«ተይው፤ እስካሁን ለቅሶ የደረሰኝ እሱ ብቻ ነው። የምን ይቅርታ!» አሉ እናት። ወደ እኔ ዞሩ። «ለንደን ላይ ጥሩ ቀብር ነበረኝ፤ አዳራሹ ሙሉ። ዙሪክ ላይ ግን ማንም አልሳቀም። የመኪና ማቆሚያው ስንት እንደሆነ ነው የጠየቁት።»

የመጣሁበት ጥርጣሬ ሁሉ እውነት ሆነ። ተቆጣሁ፤ በእንግሊዝኛ ስቆጣ የመጀመሪያዬ ነው። «በቁማቸው እናትዎን ቀበሩ! እኛ ዘንድ ቃል ከአፍ ከወጣ ዝም ብሎ አይወድቅም። ሟርት ነው ይህ!»

«እሷ ናት የለመነችኝ» አለች ሴትዮዋ፤ አሁን አትስቅም። «ስሞት የሚባለውን ጆሮዬ እያለ ልስማው አለችኝ።»

እናትየው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን የተስማሙ ሁለት ሰዎች ምስክርነት አንድ ሰው እንደሰጠው ነው የምቆጥረው። ልጄን ልጥራ ስል ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ።

«የማን አባት ነዎት?» አለችኝ። ነገርኳት። እናቷን አየች፤ እናቷ መሬት አዩ።

«ዛሬ ምን እንደምታቀርብ ነግራዎታለች?»

«አልነገረችኝም።»

«እንግዲያው እባክዎ ከኋላ ይቀመጡ። ከምሰሶው ኋላ ጥሩ ቦታ አለ።»

ከኋላ! እኔ በጉባኤ ፊት ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሽማግሌ ከምሰሶ ኋላ አይቀመጥም። ደግሞም አንድ ሰው ከኋላ ተቀመጥ ካለህ ከፊት የምታየው ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥ ብዬ ገብቼ መድረኩ ሥር፣ ትንሽዋ ክብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ፊተኛው ረድፍ ሌላ ሰው አልነበረም። እንዲህ ባለ ቤት ፊት መቀመጥ ማንም የማይደፍረው ነገር መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ መድረክ ላይ ያለው ሰው የሚቀልደው ፊት ባገኘው ላይ ነው።

ልጄ እየሮጠች ወጣች። ማይክሮፎኑን ያዘች፣ ሰዉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። እንግሊዛዊቷ በሩ ጋ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ፈተናው ይህ ነው፣ ልጄም እየወደቀች ነው። የፈለግሁት ይህን አልነበረም እንዴ? ይዣት ልመለስ ነው የመጣሁት። ነገር ግን ምስክርነት ሊሰጥ ቆሞ ምላሱ የተያዘ ሰው ስንቱን አይቻለሁ፤ ምን እንደማደርግም ለምዶብኛል። አገጬን ወደ ላይ አነሳሁና በአማርኛ «በይ ቀጥይ» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች። «አባቴ የሞተው ሐሙስ ነው።»

የለበስኩትን ጥቁር ልብስ ጎንበስ ብዬ አየሁት።

«እሑድ ሊሞት አይችልም፤ እሑድ ሽሊረን ውስጥ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው። ሐሙስ ሞተ፣ ምክንያቱም ሐሙስ የማጠቢያ ተራችን ነው። አባቴ በሌላ ሰው ተራ ምንም አያደርግም።»

ሰዉ ሳቀ። በቀልዷ ውስጥ ባለቤቴ በለቅሶ ስትጮህ ጎረቤት መጥታ ለቅሶው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀች። ያቺው ጎረቤት በማግስቱ ተመልሳ «ለሐዘናችሁ በጣም አዝናለሁ፤ ግን የሟቹ ካልሲ ማድረቂያው ውስጥ ቀርቷል» አለች። ስለ ባንክ ዘራፊ የተናገርኩትን በእኔ ድምፅ፣ በእኔ ጣት ተናገረችው። ከኋላዬ ሰዎች ጠረጴዛ ሲደበድቡ ይሰማኛል። ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቲቱን ግን በትክክል አምጥታታለች፤ ያን መካድ አልችልም።

በመጨረሻ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቀብሩ ላይ የጉባኤው ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ደቂቃ ተናገረ» አለች፤ «የአባቴ ሕግ ነውና። የእኔ ተራ ደረሰ። እኔ ልጁ እንደምወደው ነግሬው እንደማላውቅ፣ እሱም ነግሮኝ እንደማያውቅ ተናገርኩ። ገና ልጀምር ነው። ገና ብዙ የምለው አለኝ። ያኔ ከሬሳ ሳጥኑ ውስጥ…»

እዚህ ላይ አቆመች። እኔን አየችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃዋ አልፏል። እጄ ራሱ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ልጄ አብራ ሳቀች፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለምን እንዳንኳኳሁ ብዙ አሰብኩበት። ምሕረት ነው ብል ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል። ጊዜዋ ስላለፈ ይመስለኛል።

ስንወጣ እንግሊዛዊቷ «ሐምሌ ላይ አብራኝ ትሄዳለች» አለች። «እርስዎም ይምጡ፤ ያቺን ማንኳኳት በየከተማው እፈልጋታለሁ።»

«ሥራ አለኝ» አልኳት። እናቷ እጄን ይዘው «ጥሩ ሟች ነዎት» አሉኝ።

ልጄ ትራም ማቆሚያው ድረስ ሸኘችኝ።

«አባዬ፣ ተቆጣህ?»

«ገደልሽኝ።»

«ትንሽ ብቻ ነው የገደልኩህ።»

«ጎረቤቲቱ ብትሰማ?»

«በጀርመንኛ ሳቀርበው ትሰማለች።»

«ካልሲውን አውጪው። እኔ ማድረቂያ ውስጥ ካልሲ ረስቼ አላውቅም።»

«ካልሲው አይወጣም፣ አባዬ። በጣም ያስቃል።» ትራሙ ሲመጣ ክንዴን ያዘችኝ። «የመጨረሻው ግን… እሱ ቀልድ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም፤ የትራሙ በር እየተዘጋ ነበር።

አሁንም እጠረጥራለሁ። ከእንግሊዝ ስትደውል «አባዬ ደህና ነህ? ዛሬ በምን ተናደድክ?» ትላለች፤ ለፍቅር ይሁን ለሥራ አላውቅም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እኔም የምመልስላት ከሁለቱ አንዱን ሳልመርጥ ነው።

ባለቤቴ ግን ነገሩን በቀልድ አላየችውም። የተነገረውን የሞት ቃል በጸሎት ከሻረች በኋላ «አሁን ደግሞ ሐኪም ልብህን ይየው» አለች። አልሄድም ብል ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሄድኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉብኝ፣ መሮጫ ላይ አስሮጡኝ፣ ደሜን ቀዱ። ልቤ የጎረምሳ ልብ ነው አለ ሐኪሙ። ኢንሹራንሱ ግን ፍራንቺዝ የሚሉት ከራስ ኪስ የሚከፈል መጠን ገና አልሞላም ብሎ ሂሳቡን መልሶ ወደ ቤት ላከው። ልጄ ከመጀመሪያ ደመወዟ ግማሹን ላከች። እንግሊዛዊቷ «መቅበሩን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች፣ እናቷም ከትኬቱ ሣጥን ጥቂት አወጡ። የቀረውን እኔና ባለቤቴ ሸፈንን። ሞቴ በጠቅላላው ሁላችንን ያስወጣን ስምንት መቶ ስድሳ ሁለት ፍራንክ ከአርባ ሳንቲም ነው።