ሁለት ሲዲ ሙሉ የአባቴ ሳቅ

ካሜራ ለመምረጥ የፈጀብኝ ጊዜ ባል ለመምረጥ ከፈጀብኝ ይበልጣል፤ ባሌም ይህን ያውቃል። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጅዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ልትመጣ ስትል "ካሜራ እኮ ትወጃለሽ፤ የቱን ላምጣልሽ?" አለችኝና አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ። በኪስ የምትገባዋን ትንሿን ወይስ ሌንሱ የሚቀያየረውን? የማማክራቸው ሁሉ ስለ ሜጋፒክስል ያወሩኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አያውቁም። በመጨረሻ ትልቁን መረጥኩ። ምክንያቴን ልናዘዝ፦ ትንሽ ካሜራ ይዞ ሰርግ ቤት የገባን ሰው "ዞር በል" ይሉታል፤ ትልቅ ለያዘ ግን መንገድ ይለቁለታል።

አባቴ ደሴ በጡረታ ላይ ነበር። በሕይወቱ የተነሳቸው ፎቶዎች በሙሉ የመታወቂያ ፎቶ ይመስላሉ። ካሜራ ሲያይ ነጠላውን ያስተካክላል፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ፊቱን ይቋጥራል። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ስለሚፈራም እኔ ዘንድ አይመጣም። "ና" ባልኩት ቁጥር "መጀመሪያ ሐረጎን ያስተካክሉት" ይለኛል።

አንድ ክረምት ቦሩ ሜዳ ያለችውን አክስቴን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። ከሚኒባስ ወርደን ጭቃውን ስንሻገር አንሸራተተኝና ጭቃው መሀል ቁጭ አልኩ። ካሜራውን ግን በሁለት እጄ ወደ ላይ ይዤዋለሁ፤ ጠብታ አልነካውም። አባቴ ይህን ሲያይ "ራሷን ጥላ ካሜራዋን አዳነች!" ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጣቴ ሳላስበው ተጫነ። ፎቶው ዘንበል ያለ ነው፣ ጥጉ ላይም ጣቴ ይታያል። ቢሆንም ያ ስንት የተጨነቅኩበት ካሜራ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም።

ኮምፒውተር ስላልነበረኝ ፎቶዎቼን ከካሜራው ሚሞሪ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥልኝ መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሙዚቃ ቤት ነበር። የባለቤቱ ዋና ሥራ ስልክ ላይ ዘፈንና መንዙማ መጫን ነው። ወር ሳይሞላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ስትከፍት አባቴ ከመስታወቱ ውስጥ ይስቃል!

"ከየት አመጣሽው?"

"ከመንዙማው ጋር መርቆልኝ ነው" አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

የሷን እዚያው አስጠፍቼ እየበረርኩ ሙዚቃ ቤት ደረስኩ። "የሰው አባት ለምርቃት ይሰጣል?" ብዬ ጮኽኩበት።

"አብሽሪ እህቴ፣ ፊታቸው ደስ ቢለኝ እኮ ነው። ወላሂ አጠፋዋለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ ሰው ማመን ተውኩ። ፍላሼን ቢሮ ወስጄ ያለውን ሁሉ ሁለት ሲዲ ላይ ገለበጥኩ፤ አንዱን ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ፣ አንዱን ደሴ እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል ብዬ ነው። በማርከርም "እንዳይነካ" ብዬ ጻፍኩባቸው። የፎልደሮቹ ስም ተደርድሮ ስላየሁ ከፍቼ ማየት አላስፈለገኝም። ሲዲ አለኝ ብዬ ቫይረስ ያስቸገረውን ፍላሽ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ አጸዳሁት፣ ሚሞሪውንም ለአዲስ ፎቶ ባዶ አደረግሁት።

አባቴ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት አረፈ። አርባው ሲቃረብ እናቴ "ያንን የሚስቀውን አሳጥበሽ አምጪልኝ። ከተኮሳተረውማ ጋር ስኖር ኖሬያለሁ" አለችኝ።

ሲዲውን ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎልደሮቹ አሉ፤ አንዳቸውም ግን አይከፈቱም። ለካ ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ፍላሹ ውስጥ ደብቆ በቦታቸው ስማቸውን ብቻ የያዘ ባዶ መጠቆሚያ፣ ሾርትከት የሚሉትን፣ አስቀምጦ ኖሯል። እኔ ደግሞ ፎቶውን ትቼ መጠቆሚያውን ነው በሁለት ከተማ የቆለፍኩበት። የደሴው ሲዲም ያው ሆነ። ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የቀብሩ ዕለት እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም።

የቀረኝ ሙዚቃ ቤቱ ብቻ ነበር። "እባክህ፣ ያኔ ዋሽቼሽ ነበር በለኝ። ፎቶውን አላጠፋሁትም በለኝ" አልኩት።

"ኧረ በአላህ! ወላሂ ብዬ?" አለ ቅር ብሎት። "ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ።"

የሰው ታማኝነት እንደዚያን ቀን አናድዶኝ አያውቅም። ሁኔታዬን ሲያይ ግን ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና "ቆይ፣ ሳላጠፋው በፊት ጎረቤቴ ስልኩ ላይ ወስዶት ነበር። የደሴ ሚኒባስ ሹፌር ነው" አለ።

ሹፌሩ ከደሴ እስኪገባ መናኸሪያ ቆሜ ጠበቅሁት። ስልኩን ሲከፍት በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ አባቴ ሳቀ።

"ማን እንደሆኑ እንጃ" አለኝ። "እሳቸውን ሳላይ ግን ሞተር አላስነሳም። በቀን ሦስቴ ሐረጎን አብረውኝ ይወጣሉ።"

አባቴ እንደሆነና እንዳረፈ ነገርኩት። ነፍስ ይማር ብሎ ፎቶውን በብሉቱዝ ላከልኝና "ላጥፋው ታዲያ?" ሲል በትሕትና ጠየቀኝ።

"እንዳታጠፋው!" ስል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ለጠየቀህ ሁሉ ስጥልኝ።"

ሲታጠብ ብዥ ያለ ነው፤ ከፖስት ካርድ በላይ ሊተልቅ አልቻለም። እናቴ ለአርባው ግድግዳ ላይ ሰቀለችውና ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። የሹፌሩን ነገር ነገርኳት።

"እሱ? ሐረጎን? በቀን ሦስቴ?" አለችና አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።