ማሲንቋችንን ልናመጣ ግራና ወረድን

ስልኩ ሲጠራ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ በአረፋ እጄ አነሣሁት። «ተቀብለናችኋል» አለችኝ አንዲት ሴትዮ። ከፋሲካም ከዒድም በኋላ እዚሁ ወልድያ የሚደረገውን የቻምበር ሙዚቃ ፌስቲቫል ከሚያዘጋጁት አንዷ ናት። ቻምበር ሙዚቃ ማለት ጥቂት ሰዎች በትንሽ አዳራሽ ያለ ድምፅ ማጉያ የሚጫወቱት ነው። እኛ በክራር፣ በዋሽንትና በማሲንቆ የተጫወትነውን ከጦርነቱ በፊት በስልክ ቀድተነው ነበር። እሱን ልከን ተመረጥን። ሳፋውን እየዞርኩ ስዘል እናቴ «ምን ነካት ይቺ ልጅ» እያለች ወጣች።

ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። «ሦስታችሁም ካላችሁ ነው» አለች። «ማሲንቆው ከሌለ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን። እስከ እሑድ አሳውቁን።»

ክራሩ እኔ ነኝ። ዋሽንቱ ጎረቤቴ ሰዓዳ ናት። ማሲንቆው ደሳለ ነው፤ ወልድያ ቤት ተከራይቶ ከኛ ጋር ይማር የነበረ የግራና ልጅ። ውጊያው ሲቃረብ በእግሩ ወደ አገሩ ወረደ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም መብራትም ጠፋ። ሁሉም ሲመለስ የሰማነው ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ መሞቱን ነው። የደሳለ ስልክ እንደተዘጋ ቀረ። እንግዲህ ራሳችን መሄድ ነበረብን።

ወልድያ መናኸሪያ

ቅዳሜ ጧት ረዳቱ «መርሳ፣ መርሳ፣ ሁለት ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል። ገብተን ስናይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው።

«ወንድሜ፣ ሁለት ሰው ያልከው የቱን ነው?» አለችው ሰዓዳ።

«እናንተ ቀጫጮች ናችሁ፤ ሁለታችሁ እንደ አንድ ነው የምትቆጠሩት» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀባት፤ ራሷም ሳቀች።

መኪናው ሲሞላ ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ጦርነቱ እንደገና ይመጣ እንደሆነ ይከራከራሉ። መስኮቱን ከፍቼ ውጭ ውጭውን አየሁ። የተቃጠለ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሟል፤ ጥላው ሥር ፍየሎች ተኝተዋል።

ሲሪንቃን አልፎ

የሲሪንቃ የምርምር እርሻ በየመደቡ ትናንሽ ሰሌዳ ተተክሎበታል። ከዚያ አለፍ እንዳልን ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። አንድ ሚሊሻ የሰዓዳን ዋሽንት ከቦርሳዋ አወጣና አገላብጦ አየው።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ሴት ልጅ ዋሽንት ትነፋለች? እስቲ ንፊው።»

ሰዓዳ እዚያው አስፋልቱ ላይ ቆማ አምባሰል ነፋች። ሚሊሻው እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ዋሽንቱን በሸማው ጫፍ ጠራርጎ ካልመለስኩ አለ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልፈተሸም።

መርሳ

መርሳ ሙቀቷ ደስ ይላል። መንገድ ዳር ማንጎ በየክምሩ ተደርድሯል፤ ወልድያ ላይ አንድ ኪሎ በሚሸጥበት ዋጋ እዚህ ሁለት ኪሎ ይሰጣሉ። አንድ ፌስታል ለደሳለ ገዛን፤ እኩሌታውን ግን ግራና በምትሄደው ባጃጅ ውስጥ በላነው።

ግራና

የደሳለ እናት እትዬ ስንዱ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ይለቅማሉ። ደስታው አላስችል ብሎኝ ገና ከአጥሩ በር ሆኜ «እትዬ ስንዱ፣ የምሥራች» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰዋል። ሰዓዳ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ለቅሶ ያልደረስኩበት ቤት የምሥራች ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ መቀመጥ፣ ማልቀስ፣ ማጽናናት ነው የሚገባው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህንን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

ሰዓዳ ቀድማኝ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «አላህ ያጥናዎ እትዬ። መንገድ ተዘግቶብን ነው የቀረነው» አለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እትዬ ስንዱ ስለ ልጃቸው ነገሩን፤ ለይሉኝታ ሳይሆን ከልቤ አለቀስኩ። መሐል ላይ ደሳለ ከመስኖ መጣ። እግሩ ጭቃ እንደሆነ ሰላም ብሎን ተቀመጠ። ከጀርባው ማሲንቆው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቅሏል።

እትዬ ስንዱ እንባቸውን ጠርገው «በይ አሁን ተናገሪ» አሉኝ። «ምን ይዘሽ ነበር የገባሽው?»

ነገርኳቸው።

«ዘፈን ነዋ» አሉ። «የወንድሙ ዓመት ሳይወጣ ልጄ ሰው ሊያስጨፍር?»

«እኔ የት እሄዳለሁ እማዬ፤ ማን እሄዳለሁ አለ» አለ ደሳለ። አፉ እንዲህ ሲል የግራ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። እኔ አየሁት፤ እናቱም አዩት።

«አይጨፈርበትም እትዬ» አልኩ። «ማንም አይነሣም፣ ማንም አያጨበጭብም፣ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ። ሰው ቁጭ ብሎ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሰማው።»

«ቁጭ ብሎ?»

«ቁጭ ብሎ።»

«አይበላም? አይጠጣም?»

«አይበላም፣ አይጠጣም።»

«እንደ ለቅሶ ቤት በይኛ።»

«እንደዚያው ነው እትዬ» አለች ሰዓዳ። «እንዲያውም መቀመጫ እንኳ የለውም። አዳራሹ በጦርነቱ ተዘርፎ ባዶውን ነው ያለው።»

«እንግዲያው ለቅሶ ቤት ይሻላል» አሉ እትዬ ስንዱ፤ «የኛ እድር አግዳሚ አለው።»

ደሳለ ሳቀ። አጭር ሳቅ ነበር፤ እናቱ ግን ወደ እሱ ዞረው ብዙ አዩት። ከዚያ ተነሥተው ማሲንቆውን ከግድግዳው አወረዱና ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

«ጥቁሬን አላወልቅም» አሉ። «ዓመቱ ሲደርስ እድርተኛው ያስወልቀኛል። አንተ ግን ሂድ። ተቀምጦ የሚሰማ ከሆነ እኔም መጥቼ እቀመጣለሁ።»

ስንወጣ ባለ ሦስት እግር ዱካቸውን ለሰዓዳ አሸከሟት። «ከፊት አኑሩልኝ» አሏት።

ወደ ቤት

ሦስታችንም የመጨረሻው ወንበር ላይ ተደርድረን ተመለስን፤ ማሲንቆው በኔ፣ ዱካዋ በሰዓዳ ጭን ላይ። የጧቱ ረዳት ነበር። «ዱካዋስ አትከፍልም?» ሲለን የጧቱን ቀልድ ነግረነው የነበረው ደሳለ «ቀጭን ናት፤ ከሰዓዳ ጋር እንደ አንድ ቁጠራት» አለው። ያን ሁሉ ወር ናፍቄው የነበረው እንዲህ ያለው ወሬው ነው።

ቤት እንደገባሁ ደወልኩ። «ሦስታችንም አለን» ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ጎረቤት ተሰማ። ሰው ቤት ደስታ ይዤ ስገባ መጀመሪያ መቀመጥ እንዳለብኝ ተምሬ መጥቻለሁ፤ ስልክ ላይ ግን ማን ይቀመጣል።

ፌስቲቫሉ ለሁሉም ክፍት ነው። የወልድያም፣ የሐራ ከተማም፣ የመርሳም ሰው ይምጣ። መቀመጫ ስለሌለ የየቤታችሁን ዱካ ወይም በርጩማ ይዛችሁ ኑ፤ ጀሪካንም ይሆናል። ከፊት በኩል ባዶዋን የተቀመጠች አሮጌ ዱካ ታያላችሁ። እሷ ላይ አትቀመጡ፤ ባለቤቷ ከግራና እየመጡ ነው። ከጎናቸው ግን ቦታ አለ።