እህቴ ሞተች የተባለ ዕለት

ስልክ መስታወት ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚያሰማው ድርር... ድርር... የሚለው ድምፅ ዛሬም በሰው ቤት ሲያጋጥመኝ፣ ሶዶ ያለው የአባቴ ሳሎን ከነቡፌው፣ ቡፌው ላይ ከተቀመጠው ከታላቅ እህቴ ከምሕረት ስልክ ጋር ይመጣብኛል።

ስልኩን አባቴ የገዛላት አሥረኛ ክፍል ልትገባ ስትል ነበር። በዚያ ክረምት የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ተከናንቦ ሳይገለጥ ይውል ነበር፣ እኛም ዝናቡ ጋብ ሲል ጭቃውን እየዘለልን ሚሞሪ ላይ መዝሙር ወደሚጭነው ልጅ ሱቅ እንሄድ ነበር። ያኔ ፌስቡክ በራሱ የሚከፍት ተማሪ የት ተገኝቶ! ስልክሽን ትሰጪዋለሽ፣ ነካ ነካ ያደርግና «በቃ፣ ገብተሻል» ይልሻል፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ወደ ቤትሽ።

ብዙም ሳይቆይ ምሕረት ያልጻፈችውን መጻፍ ጀመረች። አጠገቤ ተቀምጣ ድንች እየላጠች ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሄዳ ስታየው ጓደኞቿ ሲሰድቧት ታገኛለች፣ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ስታነብ ግን ስድቡን የጀመረችው ራሷ ናት፤ በስሟ፣ በፎቶዋ፣ እንደ ልማዷ «እሺ ማሬ» እያለች። እናቴ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ስልኩን በፎጣ ጠቅልላ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ከተተችው፣ እዚያም ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከመንገዱ የልቅሶ ድምፅ መጣ። ጎረቤት የሞተ መስሎን እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ልቅሶው ወደ እኛ በር ታጠፈ። የምሕረት የክፍል ልጆች፣ እናቶቻቸው፣ ከአረካ በሚኒባስ የደረሰችው የአጎቴ ልጅ ታሪኳ፣ ሁሉም ደረታቸውን እየደቁ ግቢያችን ገቡ፣ ምሕረትም «ማን ሞተ?» ብላ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። ልቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት እናት ወደ ኋላ እያፈገፈጉ «ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ። ለካ ፌስቡኳ ላይ «ምሕረት አርፋለች፣ ቀብሯ ነገ ነው» ተብሎ ተጽፎ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ እህቴን አቅፎ የሚስማት ጠፋ፣ ባጃጅ ውስጥ እንኳ ሰው ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ትምህርት ሲከፈት አልሄድም አለች፣ አባቴም ሲያግባባት ሰንብቶ ሲያቅተው «እንግዲህ ይቅር፣ ጊፋታ ሲያልፍ ዱቦ አክስትሽ ጋ ሄደሽ ቤት ታግዣለሽ» አላት። ሐኪም ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ትል የነበረችው ልጅ! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የዘመን መለወጫችን የጊፋታ ዕለት ዘመድ ለቅርጫው ሥጋና በቅቤ ለተለወሰው ቆጮ ተሰብስቦ ሳለ፣ ታሪኳ ፌስቡኳን ልታሳየን ከፈተች። እሷም ያስከፈተችው እዚያው ልጅ ጋ ነበር።

«ፓስወርድ አልረሳም እኔ» አለች እየሳቀች፣ «ስልክ ቁጥሬን ነው ያደረገልኝ።»

ምሕረት የያዘችው ጉርሻ ከእጇ ወደቀ።

«የኔንም እኮ!»

በአንድ ለአምስት የጥናት ቡድን ክፍሉ በሙሉ ስልክ ተለዋውጧል። ቁጥሯን የሚያውቅ ሁሉ ምሕረት መሆን ይችል ነበር።

ፓስወርዷን እዚያው ቀየረችው። ጊፋታ እንዳለፈ ዱቦ መሄዱን ትታ ትምህርት ቤት ሄደች፣ ተረኛውን መምህር አስፈቅዳም ከመዝሙሩ በኋላ ሰልፉ ፊት ቆመች። «አልሞትኩም» አለች። «ፓስወርዳችሁ ስልክ ቁጥራችሁ የሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። በስማችሁ ክፉ ነገር ካያችሁ ደግሞ ተደብቃችሁ አታልቅሱ፣ ለሰው ንገሩ።» አንድም ሰው አልሳቀም።

ዛሬ ምሕረት ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ናት። የኔ ልጅ ስልኳን በጣቷ አሻራ ዘግታ ፓስወርዷን ለኔ እንኳ አትነግረኝም፣ እኔም አልቆጣትም፤ እኛ ያኔ የግቢውን በር በሁለት ቁልፍ ቆልፈን ስማችንን ሜዳ ላይ ጥለነው እናድር ነበር። ያንን የጻፈው ማን እንደሆነ እስካሁን አናውቅም። መንገድ ላይ የድሮ የክፍል ጓደኛ ሲያገኛት አቅፎ ይስማታል፣ እሷም ትስመዋለች፣ ራቅ ሲልልን ግን ክንዴን ጨበጥ አድርጋ «ይሄ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች።