ጳጉሜን መስከረም በሏት

የመጣችው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበረች። ማሽናችንን የሠራው የውጭ ኩባንያ ከዚያ ዓመት በኋላ መለዋወጫ እንደማይልክ፣ ቢበላሽም ጠጋኝ እንደማይመድብ፣ ፕሮግራም የምንጽፍበትንም ቋንቋ እርግፍ አድርጎ እንደተወው በሦስት አንቀጽ ገልጾ፣ ለትብብራችን አመስግኖ ፈርሟል። የሰባት ዓመት ሥራዬ በሦስት አንቀጽ አለቀ። አመስግኖ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከመገናኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ የነበረ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እኔ ከኮምፒዩተሩ ጋር ምድር ቤት ነበርኩ። ኮምፒዩተር ስል ዛሬ ጭን ላይ የሚቀመጠውን እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ጉድ ነበር። ፕሮግራሙን ካርድ ላይ እየበሳን ነው የምናጎርሰው፤ አንዲት ካርድ ቦታዋን ከሳተች ቀኑ በፍለጋ ያልቃል።

ከሁሉ የምኮራበት የሠራተኛውን ዕድሜ የሚያሰላው ፕሮግራም ነበር። ማሽኑ ፈረንጅ ስለሆነ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ብሎ ድርቅ ይላል። እኛ ለቱሪስት አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን ብለን እንፎክራለን፤ እሱ አሥራ ሦስተኛውን ሲያይ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። አራት ወር ታግዬ ጳጉሜን፣ ባለአምስቷንም ባለስድስቷንም፣ አስተማርኩት። የተሳካልኝ ቀን ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ፣ ሾላ ወደተከራየኋት ክፍል ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰው አጥቼ ማለቴ ግፍ እንዳይሆንብኝ፣ አንድ ሰው ነበሩኝ፤ የበሩ ዘበኛ። እንጦጦ ላይ የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። ምሳችንን የምንበላው አብረን ነበር፣ በዘበኛ ቤታቸው፤ እሳቸው ድንች ቀቅለው ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ ከሾላ ዳቦ እገዛለሁ። ፎቅ ያሉት ባልደረቦቼ ክፉዎች አልነበሩም፤ ግን ከማሽን ጋር ከሚውል ሰው ጋር ምን ይወራል? ሽማግሌው ግን «ያ በሬህ ዛሬስ አረሰ?» ብለው ይጠይቁኛል። «አርሷል» እላለሁ፣ ወይም «ዛሬ ተኝቶ ዋለ»። አንድ ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ዘምቷል፤ የሚጽፍላቸው በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሳጥን ነው። «በሚቀጥለው ዓመት ይጨርሳል። እስከዚያ ከዚች በር አልነቃነቅም፤ ከዚያ በኋላ እንኳን ጡረታ ሞትም ይምጣ» ይሉ ነበር።

ኩባንያው ከተወን በኋላ ከሌላ ኩባንያ አዲስ ማሽን ተገዛ፣ ፕሮግራሙ ተሰፍቶ እንዳለቀ ልብስ አብሮት መጣ። የሚያሠሩትም ሁለት ልጆች ውጭ ተምረው መጡ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ለዓመታት እንዲህ እያልኩ አወራሁ። እውነቱ ግን አንድ ቀን ተጠይቄያለሁ። ከሁለቱ አንደኛዋ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ «ጋሼ፣ የሠራተኞቹን የትውልድ ቀን ስናስገባ ማሽኑ ጳጉሜን እንቢ አለን። እርስዎ እንዴት አድርገው ነው የሠሩት?» አለችኝ።

ካርዶቼ ከጀርባዬ በሳጥን ተደርድረዋል። ተነሥቼ ባሳያት ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር። ግን ሆዴ ቂም ቋጥሯል።

«እኔ ምን አገባኝ?» አልኳት። «ጳጉሜን መስከረም በሏትና ተገላገሉ!»

«ቀኑንስ?»

«አንድ በሉት!»

«እሺ» ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ስትጽፍ እያየሁ አላስቆምኳትም።

ምሳ ላይ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «ደግ አደረግህ፣ የራሳቸውን ያውጡ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልጆቹ እንዳልኳቸው ወሩን ቀየሩ፣ ዓመተ ምሕረቱን አልነኩም። ጳጉሜ የዓመት ጅራት፣ መስከረም የዓመት ራስ ነው። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደ ሰው በዚያው ዓመት መጀመሪያ እንደተወለደ ሆነ፤ ባንዴ አንድ ዓመት አረጀ ማለት ነው። ይህን ማን ያጣዋል? እኔም አላጣሁትም፣ በዚያች ሰዓት ላስበው አልፈለግሁም እንጂ።

በመስከረም የጡረታ ደብዳቤ የደረሳቸው ሽማግሌው ናቸው። የጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት ልጅ መሆናቸውን ስንቴ ነግረውኛል! «ያን ቀን በዝናብ ሰው ሁሉ ይጠመቃል፤ እናቴ እኔን አጥባ ነው የወለደችኝ» ይሉ ነበር። ስንቴ!

ወደ አስተዳደር ኃላፊው በረርኩ። «ጓድ፣ ስህተት ነው። የግል ፋይላቸውን ይመልከቱት፣ ጳጉሜ ነው የሚለው።»

«ማሽን የተገዛው ፋይል ላለማገላበጥ ነው» አሉኝ። «ደግሞ ያንተው ከቆመ ወዲህ በዚህኛው ላይ ዓይንህ ቀልቷል ይባላል።»

ምድር ቤት ወርጄ በአሮጌው ማሽን ላሰላና ላሳያቸው ተነሣሁ። ካርድ የሚስበው ጎማ ተበጥሷል። መለዋወጫ የለም፤ ተነግሮናል እኮ፣ በሦስት አንቀጽ። ማመልከቻ ጻፍኩ። «መስከረም በሏት ያልኩት እኔ ነኝ» የምትለዋን ግን አልጻፍኳትም። ፈራሁ፣ አፈርኩም። ያቺ ስላልተጻፈችበት ማመልከቻው የቅናት ወሬ መሰለ፤ በጥቅምት ሌላ ዘበኛ ተቀጠረ።

ሲሰናበቱኝ «ደብዳቤ ከመጣ አደራ» አሉ።

«እየሮጥኩ ነው የማመጣልዎት!» አልኩ።

ምድር ቤት ተቀምጬ የደብዳቤ መምጣት መቼ ይታየኛል? ያን ዓመት ምሳዬን ከቆመው ማሽን አጠገብ ብቻዬን በላሁ። ማንም ስለበሬዬ አልጠየቀኝም። ካርዶቼም በቁርጥራጭ ወረቀት ስም ተሸጡ፤ አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ አንዲት በርበሬ ሻጭ በአንዱ እየዛቀች ስትሰፍር አይቼ፣ ሳልገዛ ዞር አልኩ።

ዓመቱ አልቆ ጳጉሜ ሦስት ሲደርስ፣ ሽማግሌው በእውነት ጡረታ ሊወጡ ይገባቸው በነበረው ቀን፣ ጭቃውን እያቦካሁ እንጦጦ ወጣሁ። ደጃቸው ላይ ባዶ ራሳቸውን ቆመው የሩፋኤልን ዝናብ ሲቀበሉ አገኘኋቸው። መጀመሪያ እጄን አዩ።

«ደብዳቤ አላመጣሁም» አልኩ። «ሌላም ነገር አለ። ጳጉሜን መስከረም በሏት ያልኩት እኔ ነኝ። ከበሩ ያስነሣሁዎት እኔ ነኝ።»

«ነግረኸኝ የለም እንዴ? አብረን ሳቅን እኮ!» አሉኝ። «ደብዳቤውንም ተወው፤ ጸሐፊው ራሱ መጥቷል።»

አንድ ወጣት እያነከሰ በሩ ላይ ብቅ አለ። የመጨረሻ ደብዳቤው «ተቀባዩ አልተገኘም» ተብሎ ከመሥሪያ ቤታችን ስለተመለሰበት፣ አባቱ የሞቱ መስሎት ምሽግ ውስጥ ፀጉሩን ተላጭቶ አልቅሷል። ሽማግሌው ይህን እየሳቁ ነገሩኝ። ልጁ አልሳቀም። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩና «እንኳን ደህና ገባህ» አልኩት።

አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡኝ። ድንች ተቀቅሎ ነበር፤ ሦስታችንም ከአንድ ሰሐን በላን። ሽማግሌው ሲያዩኝ ቆይተው «አንተስ፣ ምሳህን አሁን ከማን ጋር ነው የምትበላው?» አሉ።

«ከባልደረቦቼ ጋር።»

«እሰይ፣ ደግ ነው» አሉ።

ስነሣ የተረፈውን ድንች በወረቀት ጠቅልለው፣ ለነገ ምሳህ ብለው ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተቱልኝ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።