በአንድ ዓይን የተሣሉት አባቴ

ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለቱሪስት ሥዕል ከሚሸጥ ወጣት ደጃፍ ቆም አልኩ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያያሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰዎች ግን በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓቱ ይኸው ነው። እኔ ግን የሰፈራችን ልጅ ምስጋናው ትዝ አለኝ።

ምስጋናው የቄስ ልጅ ነበር፤ ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ይቀድመኛል። ሥዕል የተማረው ከአጎቱ ነው። አጎቱ ቅዱሳንን ሲሥሉ እሱ የላሊበላን ሰው መሣል ጀመረ፤ ጨው ሻጯን፣ ውኃ ቀጂዎቹን፣ ቅዳሜ ገበያ ቆሎ እየቆረጠመ ዋጋ የሚከራከረውን ገበሬ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለን። ያን ጊዜ ግን ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ያፍስ ነበር። ታላቅ ወንድሜም ከድንጋይ ቤታችን ፎቅ ላይ፣ ከገብሱ ጎታ ጀርባ ተደብቆ በሶ እየበላ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። እርሳስ ይዞ ከደጃፍ ደጃፍ የሚዞር ሰው ለቀበሌ ነው የሚሠራው ተባለ። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን ደብተሩን ክፍሉ ውስጥ ትቶ ሲወጣ ገብቼ ገለጥኩት። አባቴ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠዋል፤ በአንድ ዓይን። ጎረቤታችን እማማ ጥሩም እንዲሁ። ሲመለስ ደብተሩን እጄ ላይ አገኘው።

"አባቴን ለምን በአንድ ዓይን ሣልካቸው?" አልኩት።

ሳቀ። "እንዴ ዘነቡ፣ ሰይጣን አደረጋቸው ብለሽ ነው? እኔ ስመጣ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። ያየሁትን ሣልኩ።"

ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ምንጭ ላይ ውኃ ስንቀዳ የማይወራ ነገር ስላልነበረ ማን ልጁን እንደደበቀ አውቅ ነበር። ፊታቸውን ያዞሩት እነሱው ናቸው። ምስጋናው ሳያውቀው የስም ዝርዝር ሠርቷል፤ ወይም አውቆት።

"ቀበሌ ይኼን ቢያይ አንድ ቤት አይስትም" አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። የአባቴን ገጽ ቀዶ ሰጠኝ፤ የቀሩትን ዛሬውኑ አቃጥላለሁ አለ። እኔ የተሰጠኝን ገጽ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። የቀሩት ሲቃጠሉ ግን በዓይኔ አላየሁም። ስለዚህ ያን ክረምት ሙሉ፣ በዝናቡ መሐል ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እሱን ረገምኩ።

ቤታችን ማንም አልመጣም። መስከረም ላይ አፋሾቹ ሲደርሱ ከሰፈራችን የወሰዱት ምስጋናውን ብቻ ነው። ሰው ደጃፍ ተቀምጦ ይሥል ነበር አሉ። አልተመለሰም።

ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት። አባታችን ምን ይመስሉ እንደነበር ይጠይቁኛል። ፎቶግራፍ ተነስተው አያውቁም እላቸዋለሁ፤ እውነትም ነው። አንድ ጊዜ ተሥለው እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።