የተጠበቀው ባሕር

ልጄ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት አንድ ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ደረሳት። እኩሌታው ሞሮኮ ነው፣ እኩሌታው ስፔን፤ መሐሉ ላይ ጠባብ ባሕር አለ። በስደት በምንኖርባት ኧርቪንግ ከተማ፣ አፓርትመንታችን ውስጥ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋው፣ እኔ ከኤርፖርት ሥራዬ ገብቼ ጫማዬን እየፈታሁ ነበር። ከዚህ ሁሉ ዓለም ይሄንኑ መረጡላት ብዬ ተናደድኩ።

ታናሽ ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ሞሮኮ በኩል ካለው ጫካ ነው። «ማዶው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ስሻገር እደውላለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስንት ዓመት፣ ስልክ ቁጥሬን አልቀየርኩም። ማታ ስተኛም የስልኬን ድምፅ አላጠፋም። ለልጄ ግን አጎት እንደነበራት እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

«አባዬ፣ ፕሮቴክትድ በአማርኛ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የተጠበቀ።»

እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከቤት አይወጣም። ይህን ቃል የምታውቀው ጠዋት ጠዋት ወደ መኪናው ስጣደፍ ከኋላዬ «ጠብቀኝ» እያለች ስትሮጥ ብቻ ነው። መጠበቅ ለእሷ ሰው እስኪመጣ ቆሞ ማየት ነው። ዘብ መቆምም መጠበቅ እንደሚባል አታውቅም።

እርሳሷን አስቀምጣ ካርታውን አየችው።

«ኦኬ፣ ወፎች በዚህ ይሻገራሉ» አለች። «ሶ፣ እዚህ ማነው የሚጠብቀው?»

ዘበኞች አሉት ልላት አፌን ከፈትኩ። ስልኬ ካርታው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«እኔ» አልኳት።