በግራ የጮኸችው ግንደ ቆርቁር

ልጅ እያለሁ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ፣ በአፓርታማችን ፓርኪንግ በኩል፣ አሮጌ የእንጨት መብራት ምሰሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከጎዳናው የአበሻ ምግብ ቤቶች የቁሌት ሽታ ሲመጣ፣ ምሰሶው ላይ አንዲት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ግንደ ቆርቁር ትቀጠቅጣለች። አባባ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ ሲወጣ ሁልጊዜ ቆም ብሎ ያዳምጣት ነበር።

አባባ ያደገው ከጅማ ወዲያ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ነው። የእነሱ አገሯ ግንደ ቆርቁር ራሷ አመድማ፣ ጀርባዋ ወደ ወርቅ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ከጭራዋ በላይ ደማቅ ቀይ ናት ይለኝ ነበር። የወንዱ አናት ደግሞ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠንካራ ጭራዋን ግንዱ ላይ ተደግፋ ሽቅብ ትወጣለች፤ ቅርፊቱን ቀጥቅጣ፣ ረጅም ምላሷን ሰድዳ ትሉን ጎትታ ታወጣለች፤ ጎጆዋንም የደረቀ ግንድ ቦርቡራ ትሠራለች። ይህን ሲያወራ በጣቱ የመኪናውን በር ያንኳኳል፤ እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ባደገበት ሰፈር ልማድ መቀጥቀጧ አይቆጠርም፤ ለትልቅ ጉዳይ የሚሄድ መንገደኛ ከቤት ሲወጣ ግን ወፏ በቀኝ ከጮኸች መንገዱ ይቀናል፤ በግራ ከጮኸች ተመልሶ ይቀመጣል፣ በቀኝ እስክትጮህ ድረስ።

የጥገኝነት ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚታይበት ቀን ከራቫቱን አስሮ ወጣ። ምሰሶው በግራ በኩል ነው። ወፏ ጮኸች። አባባ ተመልሶ ገባና ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

እማማ ጴንጤ ነበረች፤ በንዴት አበደች። «ዛሬ እኮ ኮርት ነው! ጸልየናል፣ የሚመራን ጌታ ነው ወይስ ወፍ? ትራፊኩን እያወቅክ!»

«ትንሽ ልቆይ» አላት።

«አባባ፣ እሷ እኮ ያንተ አገር ወፍ አይደለችም» አልኩት።

«ወፍ ወፍ ነው፣ ልጄ።»

ወፏ ደግማ አልጮኸችም። እማማ እያለቀሰች ጎትታ ስታወጣው ረፍዶ ነበር። ሲደርስ ዳኛው በሌለበት ዲፖርት ይደረግ፣ ወደ አገሩ ይመለስ ብሎ ወስኖበታል። ይግባኙም አልሠራም፤ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች መጥተው ወሰዱት፤ ወደ አገሩም መለሱት።

እኔ እዚሁ የተወለድኩ ዜጋ ስለሆንኩ አድጌ እሱን መልሶ የማምጣት ፕሮሰስ ጀመርኩለት። ስንት ዓመት ጠብቀን ባለፈው ወር አዲስ አበባ ኤምባሲው ለቪዛ ኢንተርቪው ተጠራ። ቀኑ አልፎ ወሬ ሲጠፋብኝ አብራው ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩ።

«ጆሮው ደክሞ የለ» አለችኝ። «ወፏ በየት በኩል እንደጮኸች ሳልሰማ አልነሳም ብሎ ቀረ። እኔስ ምን ላድርገው?»

ያኔ ስለሰማ ቀረ፤ አሁን ስላልሰማ ቀረ። ልናደድበት ፈልጌ አቃተኝ። ሌላ ቀጠሮ ይሰጡታል ብዬም አላምንም፤ ቢሰጡትም የሚነሳ አይመስለኝም።

ዛሬም የምኖረው እዚያው አፓርታማ ነው፤ እማማ ካረፈች በኋላ ብቻዬን። የእንጨቱ ምሰሶ ተነስቶ ብረት ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ግን፣ በቀኜ ካለው ዘንባባ ላይ አንዲት ግንደ ቆርቁር ጮኻ መቀጥቀጥ ጀመረች። የመኪናዬን ቁልፍ እንደያዝኩ ደወልኩለትና ስልኩን ወደ ዛፉ ዘረጋሁት።

«አባባ፣ በቀኝ ነው! በቀኝ ጮኸች!» እያልኩ ጮህኩ።

 ከወዲያ ያ ለስላሳ ድምፁ መጣ።

«አቤት? ማን ልበል?»